ሹመትና አጥንት

በራቤል ታሪክ ለማስተምር ለእኔ የእንግሊዝን መኳንንት ሥርዓት ማስረዳት ከሚታሰበው ይልቅ የሚቀልለኝ፣ ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ አንዱን ቅድመ አያታቸውን ግራዝማች ወይም ፊታውራሪ እያሉ የሚያነሡ፣ ነገር ግን ራሳቸው ገብስ የሚያርስና በግ የሚያረባ ገበሬ ልጆች በመሆናቸው ነው። ኧርል የተባለው መኰንን፣ በንጉሥ ክኑት ዘመን፣ አውራጃ የሚገዛ፣ ጦር የሚያዘምት፣ ከአውራጃው ችሎት ከሚገኘው ገቢም ሢሶውን የሚወስድ የንጉሥ እንደራሴ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. ከ1066 የኖርማኖች ድል በኋላ ግን የአስተዳደሩ ሥራ እያደር ወደ ሸሪፎች ሲዞር፣ ኧርልነት ከነመሬቱ ለበኵር ልጅ የሚተላለፍ የቤት ሀብት ሆነ።

በእኛ ዘንድ ደጃዝማችነትም ሆነ ቀኛዝማችነት ከጦር አሰላለፍ የተቀዳ ሹመት ነውና፣ ንጉሥ የሰጠውን ንጉሥ ይሽረዋል፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የተባለውም በሹም ሽር አገር እንጂ ማዕረጉን ከአባቱ ለሚወርስ ኧርል የሚነገር አይደለም። በመንዝና በግሼ የሚወረሰው ርስት ነበረ፤ እርሱም በአባትም በእናትም በኩል ለወንዱም ለሴቱም ሲደርስ ኖሮ፣ የደጃዝማቹ የልጅ ልጅ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ወሰን ይሟገት ነበር። ይህን ሥርዓት የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ አስቀረው፤ በዚያው ዓመት መጋቢት የማዕረግ ስሞቹም ተሻሩ።

ከዚህ ሁሉ የተለየው የሸዋ ገዦች ቤት ነው። ከመንዝ አጋንቻ የተነሣው የነጋሲ ክርስቶስ ዘር፣ ስብስትያኖስ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን እያለ ግዛቱን ከአባት ወደ ልጅ አስተላለፈ፤ መርድ አዝማች የሚለውም ማዕረግ የዚህ ቤት መለያ ሆነ። ነገር ግን ዙፋኑ የታላቁ ልጅ ነው የሚል የጸና ሕግ አልነበረምና፣ ወሰን ሰገድ በተገደለ ጊዜ ታላቁ ልጅ በኩሬ በመርሐቤቴ ሲዘገይ፣ በሰላ ድንጋይ ገዳም ይማር የነበረው ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ቀድሞ ሥልጣኑን ያዘ፤ ወንድሙንም ወደ ጎንጮ ወኅኒ ሰደደው፤ በኋላም ንጉሥ ተሰኘ።

እንግሊዛዊው ታናሽ ወንድም ወደ ጦር ወይም ወደ ክህነት ሲሸኝ፣ የሸዋው በሰንሰለት ይኖር ነበር። ይህን ክፍል ሳስተምር አንድ ልጅ፣ «መምህር፣ ታዲያ ከሁለቱ ወንድሞች ማን አጠፋ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም ከሁለቱም ይልቅ ሥርዓቱን እወቅሳለሁ። ለታላቁ ሁሉን መስጠት ለታናሹ ግፍ ነው፤ ለማንም አለመወሰን ግን ወንድማማችን ሁሉ እርስ በርሱ ያስፈራራል።

እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በሣህለ ሥላሴ ዘንድ የነበረው የብሪታንያ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ፣ ራሱ እንደ ጻፈው፣ በጎንጮ የታሰሩት መሳፍንት እንዲፈቱ ንጉሡን ለመነ፤ ንጉሡም ፈታቸው። ሐሪስም ወደ አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1844 የናይትነት ማዕረግና «ሰር» የሚለውን መጠሪያ አገኘ፤ ይህ ማዕረግ በእንግሊዝ ሕግ እንደ ኧርልነት ለልጅ አይወረስም፣ ከባለቤቱ ጋር መቃብር ይወርዳል፤ ተማሪዎቼም ይህን ሲሰሙ ሐሪስን ወዲያው «ግራዝማች» አሉት።