ከካታንጋ እስከ ጥላ ፎቅ፦ የአዲስ አበባ ስታዲየም

ከመርካቶ ኳስ ሊያይ ለሚወጣ ሰው መንገዱ ቅርብ ነው። አውቶቡስ ተራ ላይ ቀላል ባቡር ይሳፈራል፤ ልደታን፣ ሜክሲኮንና ለገሃርን አልፎ ስታዲየም ይወርዳል። ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ይህ ሜዳ በንጉሡ ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል ነበር።

አሠራሩ ያልተወሳሰበ ነው። መሐሉ ሣር፣ ዙሪያው የሩጫ መም፣ ከመሙ ውጭ በሞላላ ቅርጽ ተደርድረው የኖሩት የሲሚንቶ መቀመጫዎች። አብዛኛው ተመልካች ፀሐዩንም ዝናቡንም ሲቀበል የኖረው በአናቱ ነው። ከደረጃዎቹ ሥር በውጭ በኩል ሱቆችና ምግብ ቤቶች ስለተከፈቱ ጨዋታ በሌለበት ቀንም አካባቢው ሰው አያጣም ነበር።

35 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል ሲባል የኖረው ይህ ስታዲየም ልክ እንደ መርካቶ በየተራው የተከፈለ ነው። ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፤ እያንዳንዱ የራሱ ዋጋና የራሱ ደንበኛ አለው።

ትልቁ ቀኑ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ የገጠመችው ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችውን ግብፅን ነበር። እንግዶቹ ሁለት ጊዜ መሩ፤ መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

ስታዲየሙ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ደግሞ አስተናግዷል። በ1960 ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫ ያነሳችው እዚሁ ነው። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና ተካሄደበት።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ የሰውነት ቢሻው ልጆች ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው የመጡበትን ጨዋታ ሊቀለብሱ ገቡ። አዳነ ግርማና ሳላሃዲን ሰኢድ አገቡ፤ 2 ለ 0። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች፤ ከተማው በጭፈራ አደረ።

ከዚያ በኋላ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መስፈርት እየጠበቀ ሄደ። ቁጥር ያለው ወንበር፣ በቂ መብራት፣ ደረጃውን የጠበቀ መልበሻ ክፍልና የሕክምና ክፍል ይጠየቃል። ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ኳስ ማየት ለዓለም አቀፍ ጨዋታ አይበቃም። በዚህም ምክንያት ብሔራዊ ቡድኑ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ሲረታ ጨዋታው የተካሄደው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው። በሜዳችን መሆን የነበረበት ድል በሰው አገር ታየ።

በከተማዋ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው አደይ አበባ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደ ነው። ይሁንና የትልቁ መሠራት የነባሩን እድሳት ችላ የሚያስብል አይደለም። ነባሩ ሲታደስ ወንበሩም መብራቱም ይሟላ፤ የካታንጋና የሚስማር ተራ ደንበኛ ግን አቅሙ በሚፈቅደው ዋጋ መግባቱን ይቀጥል።