«እንዳትሰማ፣ ጭንቀቱ ይገድላታል» እውነት ነው?



ካንሰር የተገኘባትን ታማሚ ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች ወደ ጎን ጠርተውኝ ደጋግመው የሚሉኝ ነገር አለ፦ «ዶክተር፣ እባክዎ እንዳይነግሯት። ከሰማች ጭንቀቱ ይገድላታል።» ከፍቅር የመጣ ነው፣ ይገባኛል። ግን ጭንቀት ሰውነት ላይ በትክክል ምን ያደርጋል? እስቲ አብረን እንየው።

👉 ጭንቀትና በሽታ የመከላከል አቅም

ስንጨነቅ ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ችግር የለውም። ለወራት ሲቆይ ግን የነጭ የደም ሴሎችን ሥራ ያዳክማል። ከእነዚህ ውስጥ ወደ ካንሰር የተለወጡ ሴሎችን የሚያጠፉት «ኤንኬ» ሴሎች ይገኙበታል። በዚያ ላይ የተጨነቀ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ አልበላ ይለዋል፣ ቀጠሮም ይተዋል።

👉 ታዲያ ጭንቀት ይገድላል ማለት ነው?

እንዲህ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም። በ1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዶክተር ዴቪድ ስፒገል የተሰራጨ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች በየሳምንቱ ተሰብስበው የልባቸውን ሲያወሩ ረዘም ያለ ዕድሜ እንደኖሩ ጻፈ። በ2001 በካናዳ 235 ሴቶች ላይ የወጣው ጥናት ግን ዕድሜ ሲጨምር አላየም። በ2007 ስፒገል ራሱ ጥናቱን ሲደግመውም በአጠቃላይ ዕድሜ አልጨመረም። የካናዳዎቹ ሴቶች ግን ጭንቀታቸውም የሕመም ስሜታቸውም ቀንሷል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም!

ስለዚህ «ስለተጨነቅሽ ነው የባሰብሽ» አትበሏት። ጥፋቷ አይደለም።

👉 መደበቁስ?

ፀጉሯ ሲረግፍ፣ እናንተ በር ዘግታችሁ ስታንሾካሹኩ ታውቃለች። ልዩነቱ ብቻዋን መጨነቋ ነው። ስለ ሕመሟ ማወቅ መብቷ ነው፤ «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ብለን እንጠይቃት።

👉 ምን እናድርግ?

✅ ስታለቅስ «አይዞሽ፣ ተይ» ብለን አፏን ከመዝጋት፣ አጠገቧ ቁጭ ብለን እናዳምጣት።
✅ ሐኪሟ ከፈቀደ በየቀኑ ትንሽ በእግሯ ትንቀሳቀስ።
✅ ጸሎቱም ከጎረቤት ጋር ቡናውም ይቀጥል፤ ሕክምናው ግን አይቋረጥ።
✅ ተስፋ መቁረጡ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ ለሐኪሟ ንገሩ። ስለ መሞት ወይም ራሷን ስለ መጉዳት ካወራች ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ።

⚠️ ይህን አደራ! ኬሞ ከተወሰደ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት ነጭ የደም ሴሎች በጣም ይቀንሳሉ። ይህን የሚያደርገው መድኃኒቱ ነው እንጂ ጭንቀት አይደለም። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። ትኩሳቷ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ታማሚ ላለበት ቤተሰብ ሼር አድርጉት። ጤና ይብዛላችሁ!