የትራፊክ መብራትና ከበስተጀርባው ያሉ ሠራተኞች

በአንድ ትልቅ ከተማ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆማችሁ የትራፊክ መብራት ሲለዋወጥ ተመልክታችሁ ይሆናል። ቀዩ ይበራል፤ መኪናዎች ይቆማሉ፤ እግረኞች ይሻገራሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም አረንጓዴው ይተካል። ይህን ያየ ሰው መብራቱ እንደ ግድግዳ ሰዓት አንድ ጊዜ ከተሞላ በኋላ በራሱ የሚሠራ ይመስለዋል። የቀድሞዎቹ መብራቶች በእርግጥም እንዲህ ነበሩ። በዛሬዎቹ ታላላቅ ከተሞች ግን ብዙዎቹ መብራቶች ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዘው እንደ መንገዱ ሁኔታ የሚለዋወጡ በመሆናቸው «ብልህ» የሚል ቅጽል ተሰጥቷቸዋል። ይህ ብልህነት ከየት እንደሚመጣ፣ ማንስ እንደሚጠብቀው እንመልከት።

በመጀመሪያ መብራቱ መኪና መምጣቱን እንዴት ያውቃል? ከመስቀለኛው መንገድ ጥቂት ቀደም ብሎ አስፋልቱ በቀጭኑ ተሰንጥቆ የተጠቀለለ ሽቦ ይቀበርበታል፤ በሽቦውም ውስጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ይመላለሳል። መኪና በላዩ ሲያልፍ የመኪናው ብረት በሽቦው ዙሪያ ያለውን መግነጢሳዊ መስክ ይለውጠዋል። በመንገዱ ዳር የቆመው የመቆጣጠሪያ ሣጥን ይህን ለውጥ ተገንዝቦ አንድ መኪና ይቆጥራል፤ ቁጥሩንም በኬብል ወደ ማዕከሉ ያስተላልፋል።

ማዕከሉ በቁጥሩ ምን ያደርግበታል? ሁለት መስቀለኛ መንገዶች በ400 ሜትር ይራራቃሉ እንበል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ይህን ርቀት በ36 ሰከንድ ይጨርሳል። ስለዚህ ሁለተኛው መብራት ከመጀመሪያው 36 ሰከንድ ዘግይቶ አረንጓዴ ቢሆን አሽከርካሪው ሳይቆም ያልፋል። እስቲ ራሳችሁ አስሉት። ይሁን እንጂ ከወዲያኛው አቅጣጫም መኪና ይመጣል፤ ለአንዱ የተመቸው ለሌላው አይመችም። ጠዋት ወደ ሥራ የሚጎርፈው ይቅደም ወይስ ከጎን መንገድ የሚገባው አውቶቡስ? በምርኩዝ የሚሻገር ሽማግሌ ስንት ሰከንድ ይሰጠው? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው መሐንዲሱ ነው፤ ኮምፒዩተሩ የተወሰነለትን ይፈጽማል።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ የምትገኘው የሎስ አንጀለስ ከተማ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከተማይቱ በ1984 የኦሊምፒክ ጨዋታ ስታስተናግድ በስታዲየሙ አካባቢ የነበሩትን 118 መስቀለኛ መንገዶች በአንድ የኮምፒዩተር ማዕከል አያያዘች። በ2013 ወደ 4,400 የሚጠጉት መብራቶቿ በሙሉ በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ገቡ። በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመው የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈቱበት የፌርፋክስ ጎዳና ክፍልም በዚሁ ሥርዓት ይመራል። በአንዳንድ ሠፈሮች የሚኖሩ አይሁዳውያን በሰንበት የኤሌክትሪክ ቁልፍ እንዳይነኩ ሃይማኖታቸው ስለሚያዛቸው፣ በዚያን ቀን የእግረኛው መብራት ቁልፉ ሳይጫን እንዲበራ ተደርጓል። ይህን የመሰለ ነገር በመኪና ቆጠራ አይገኝም፤ የሠፈሩን ሰው የሚያዳምጥ ባለሙያ ይጠይቃል።

እንዲህ ያለው ሥርዓት ሦስት ዓይነት ሠራተኞች ያስፈልጉታል። መሐንዲሶች የመብራቱን ጊዜ ያቅዳሉ፤ ተቆጣጣሪዎች በማዕከሉ ተቀምጠው ካሜራና ሠንጠረዥ ይከታተላሉ፤ ቴክኒሻኖች መንገድ ላይ ወጥተው ይጠግናሉ። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቴክኒሻኑ ነው። የውኃ ቧንቧ ሊቀብሩ የመጡ ቆፋሪዎች ሽቦውን በጥሰውት ቢሄዱ፣ ሣጥኑ ያለማቋረጥ «መኪና አለ» እያለ ሊያስተላልፍ ይችላል። ኮምፒዩተሩም የተነገረውን አምኖ ባዶ ለሆነው መንገድ አረንጓዴ ይሰጣል፤ በሌላው በኩል ያለው ሰልፍ ይረዝማል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል የሚል ቁጥር ሲመጣ «ይህ ሊሆን አይችልም» ብሎ የሚጠራጠር ተቆጣጣሪ፣ ተነሥቶም የሚሄድ ቴክኒሻን ከሌለ ብልሁ መብራት ከተራው የከፋ ይሆናል።

ምን ያህል ሠራተኛ ይበቃል? በአሜሪካ በሙያው የተለመደው መለኪያ ለአንድ መሐንዲስ ከ75 እስከ 100፣ ለአንድ ቴክኒሻን ደግሞ ከ30 እስከ 40 መብራት ያላቸው መስቀለኛ መንገዶች መመደብ ነው። በዚህ ስሌት 4,400 መብራት ያላት ከተማ ቢያንስ 44 መሐንዲሶችና 110 ቴክኒሻኖች ያስፈልጓታል። ይህን ያህል ሰው መቅጠር ማሽኑን ከመግዛት ይልቅ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ማሽኑ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ይመረቃል፤ ደመወዝ ግን በየወሩ ይከፈላል፤ ለደመወዝም የሚቆረጥ ሪባን የለውም። የአሜሪካ ከተሞችና ግዛቶች የመብራት አስተዳደራቸውን ራሳቸው መዝነው በ2012 ያገኙት አገር አቀፍ ውጤት «ዲ ፕላስ» ነበር። ይህ ምን ዓይነት ማርክ እንደሆነ ለተማሪ ማስረዳት አያሻም።

የሠራተኛ ቁጥር ቢሟላም የአስተዳደሩ ጥያቄ አያበቃም። በነሐሴ 2006 በዚያችው በሎስ አንጀለስ የመሐንዲሶች ማኅበር ከከተማው አስተዳደር ጋር በሥራ ውል ተጋጨ። አስተዳደሩ ችግር እንዳይደርስ ሠግቶ አብዛኞቹን መሐንዲሶች ወደ ኮምፒዩተሩ እንዳይገቡ አገደ። ሆኖም ሁለት መሐንዲሶች ገብተው የአራት መስቀለኛ መንገዶችን መብራት አፋለሱ፤ ከእነዚህም አንዱ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነበር። ቦታዎቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አልነበሩም፤ ሙያቸው የት ቢነኩ ከተማው እንደሚጨነቅ አስተምሯቸዋል። ሁሉን ወደ ነበረበት ለመመለስ አራት ቀን ፈጀ። ሁለቱም በ2008 በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አመኑ።

ስለሆነም የእንዲህ ያለ ማዕከል ኃላፊ ማን የይለፍ ቃል እንደያዘ፣ ማን በየትኛው ሰዓት ገብቶ ምን እንደለወጠ በመዝገብ ይከታተላል፤ ሥራ የለቀቀ ሰው ፈቃድ በዚያው ዕለት መሰረዙን ያረጋግጣል። ግንኙነቱ ቢቋረጥም በየመንገዱ ዳር ያለው ሣጥን የራሱን የጊዜ ሠሌዳ ስለሚይዝ መብራቱ ወዲያው አይጠፋም። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በሣጥኑ ላይ በተለየ ቁልፍ የምትከፈት ትንሽ በር አለች። በውስጧ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ የተዘጋጀው ለትራፊክ ፖሊስ ሲሆን፣ ፖሊሱ በዚያ መብራቱን ከኮምፒዩተሩ ነጥቆ መንገዱን በዓይኑ እያየ በእጁ ይመራል።