ቀጠሮ ሥራን ሲቀድም

ታላቅ ሥራ ለመሥራት የሚነሣ መንግሥት ሁሉ ገንዘብ፥ ዕውቀትና ጊዜ ያስፈልገዋል። ገንዘቡና ዕውቀቱ ተርፎት ሳለ ጊዜውን ብቻ በትእዛዝ ለማሳጠር የፈለገ ባለሥልጣን ምን እንደሚያገኘው ለማወቅ የሚሻ ሰው ቢኖር፥ ከአሜሪካ የጦር ሚኒስቴር ታሪክ አንድ ምሳሌ እናቀርብለታለን። ይኸውም ታድ እየተባለ የሚጠራው የሚሳይል መከላከያ መሣሪያ የተሠራበት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታትና ወራት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሚሳይል ማለት በውስጡ ባለው ነዳጅ ኃይል እየተገፋ ወደ ሰማይ የሚወጣና ከሩቅ ደርሶ የሚያጠፋ የጦር መሣሪያ ነው። ታድ ደግሞ የጠላት ሚሳይል ወደ መሬት ሲወርድ፥ ገና በሰማይ ሳለ ተቀብሎ የሚሰብር ሌላ ሚሳይል ነው። ቁመቱ 6 ሜትር ያህል፥ ክብደቱ 900 ኪሎ ግድም ሲሆን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ድረስ ይወጣል። የሚሰብረውም እንደ መድፍ ጥይት ፈንድቶ አይደለም፤ በራሱ ላይ ፈንጂ የለበትም፤ ሄዶ ይጋጨዋል እንጂ። ሁለቱም የሚገናኙት በሴኮንድ ብዙ ኪሎ ሜትር እየሄዱ ስለ ሆነ የግጭቱ ኃይል ብቻ ጠላትን ያደቅቀዋል። ሊቃውንቱ ይህን ሥራ ጥይትን በጥይት መምታት ብለው ይጠሩታል። ስለዚህ ሥራው ከባድ መሆኑን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያላወቀ አልነበረም።

የሥራው ምክንያት በ1991 የተደረገው የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ነው። በዚያ ጊዜ የኢራቅ መንግሥት ስከድ የሚባሉትን ሚሳይሎች ወደ እስራኤልና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይተኩስ ነበር። በፌብሩዋሪ 25 ቀን ከነዚሁ አንዱ ዳህራን በሚባለው ከተማ በወታደሮች ማደሪያ ላይ ወድቆ 28 የአሜሪካ ወታደሮችን ገደለ። ቦታውን ይጠብቅ የነበረው ፓትሪዮት የተባለው መሣሪያ በዚያ ቀን ከቶ አልተኮሰም። ኋላ ተመርምሮ እንደ ተገለጸው፥ መሣሪያው ሳይጠፋ ከ100 ሰዓት በላይ በመሥራቱ፥ ኮምፒዩተር የሚባለው የሒሳብ መኪናው ሰዓት የአንድ ሴኮንድ ሲሶ ያህል ተሳስቶ ስለ ነበረ፥ ጠላትን በሌለበት ሰማይ ሲፈልግ አመለጠው። የስሕተቱ ማረሚያ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በመንገድ ላይ ነበር፤ ዳህራን የደረሰው ግን በማግሥቱ ነው። እንግዲህ ልብ ላለው ሰው ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በትንሹም ነገር ቢሆን ተጠንቅቆ መመርመር ነበር። በዋሽንግተን ጎልቶ የተሰማው ድምፅ ግን፥ ከዚህ የሚበልጥ አዲስ መሣሪያ በቶሎ ይምጣ የሚል ሆነ።

የአሜሪካ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሕግ አውጥቶ፥ በውጭ አገር የሚሠፍረውን ሠራዊት የሚጠብቅ የተሻለ መከላከያ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ እንዲቆም አሳሰበ። በሴፕቴምበር 1992 ሥራው ሎክሂድ ለሚባለው ኩባንያ ተሰጠ። ልብ በሉ፤ ሕጉ ቀኑን የቆረጠው መሣሪያው ገና በወረቀት ላይ ሳለ ነው። ምን ያህል እንደሚከብድ፥ የትኛው ክፍል እንደሚያስቸግር፥ ስንት ጊዜ መፈተን እንደሚያስፈልገው ለመናገር የሚችል መሐንዲስ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ይህም ሳይበቃ፥ ሥራው ሳያልቅ 40 ያህል የሙከራ ሚሳይሎች ለወታደሮች እንዲሰጡና፥ ጦርነት ቢነሣም በነዚሁ እንዲዋጉ ታሰበ።

በመሐንዲሶች ሥርዓት እያንዳንዱ ዕቃ አስቀድሞ በመሬት ላይ ለብቻው ይፈተናል፤ ቀጥሎም ዕቃዎቹ ተጋጥመው በአንድነት ይፈተናሉ፤ ወደ ሰማይ መውጣት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በታድ ላይ ግን ጊዜው ስለ ጠበበ ደረጃዎቹ እርስ በርሳቸው ተደራረቡ። ንድፉ ሳይጸና ሚሳይሉ ይሠራ ነበር፤ ሚሳይሉም በሚገባ ሳይመረመር ይተኮስ ነበር። የመንግሥት ሒሳብ መርማሪዎች ኋላ እንደ ጻፉት፥ የመሬት ፈተናው ከሚገባው በታች ተቀንሶ፥ በፋብሪካውም የሚደረገው የጥራት ቁጥጥር ላልቶ ነበር።

መጀመሪያ የተተኮሰው በኤፕሪል 21 ቀን 1995 በኒው ሜክሲኮ በረሃ፥ ዋይት ሳንድስ በሚባለው የመፈተኛ ቦታ ነው፤ ትርጓሜውም ነጭ አሸዋ ማለት ነው። ይህና ሁለቱ ተከታዮቹ ለመብረር እንጂ ዒላማ ለመምታት አልነበሩም። በዲሴምበር 13 ቀን ዒላማ ለመምታት ተተኮሰና ሳተ፤ ለኮምፒዩተሩ በተጻፈው ትእዛዝ ውስጥ ስሕተት ስለ ነበረ፥ የሚመታው ክፍል ሳያስፈልገው ከመንገዱ ዞሮ ነዳጁን ጨርሶ ቀረ። በማርች 1996 ተተኮሰ፤ የሚመታው ክፍል ከገፊው ሞተር ሲለይ ጉድለት ደርሶበት ሳተ። በጁላይ ዒላማውን የሚያይበት ዓይኑ ታወከና ሳተ። በማርች 1997 በኤሌክትሪክ መሥመሩ ውስጥ በተገኘ እድፍ ምክንያት የታዘዘውን ሳይፈጽም ሳተ። በሜይ 1998 ደግሞ ገና ከመነሣቱ የኤሌክትሪክ መነካካት በገፊው ሞተር መሪ ላይ ደርሶ አቅጣጫውን አጥቶ ጠፋ። በማርች 29 ቀን 1999 ለ6ኛ ጊዜ ሳተ።

እስቲ አንባቢ እነዚህን ምክንያቶች አንድ በአንድ ይመልከታቸው። የትእዛዝ ጽሑፍ ስሕተት፥ የመለያ ጉድለት፥ እድፍ፥ የሽቦ መነካካት! ጥይትን በጥይት መምታት ከባድ ስለ ሆነ የሳተው ስንት ጊዜ ነው ቢባል፥ መልሱ የሚያሳፍር ነው። ያ ከባዱ ጥያቄ ገና በሚገባ ሳይጠየቅ፥ ማንኛውም ጠንቃቃ የፋብሪካ ተቆጣጣሪ በጠረጴዛ ላይ ሊያገኘው የሚችለው ጥቃቅን ጉድለት መንገዱን ዘጋው። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። ፊደል ሳይለይ ወደ ዳዊት፥ ዳዊት ሳይደግም ወደ ዜማ ቤት የተላከ ልጅ በዜማው ቢሳሳት፥ ዜማው ከብዶት ነው ብሎ የሚፈርድለት መምህር የለም።

በፌብሩዋሪ 1998፥ ማለት 4 ጊዜ ከሳተ በኋላ፥ ቀድሞ የአየር ኃይል የበላይ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ላሪ ዌልች የመሩት የሊቃውንት ጉባኤ ሥራውን መርምሮ ሐሳቡን አቀረበ። ጉባኤው መሣሪያው ሊሠራ አይችልም አላለም። የፈረደው በአሠራሩ ላይ ነው፤ የበረራው ቀጠሮ ጠባብ በመሆኑ የመሬቱ ፈተና ተጎዳ፤ ጊዜ ለማትረፍ የተደረገው ሁሉ ጊዜ አባከነ ብሎ፥ ነገሩን ወደ ውድቀት መሮጥ ብሎ ሰየመው። በእኛ አነጋገር ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ነው።

በዚህ ላይ የራሳችንን አሳብ ጥቂት እንጨምር። ፈተና በሁለት መንገድ ሊደረግ ይችላል። አንዱ ያላወቁትን ለማወቅ የሚደረግ ነው፤ በዚህ ጊዜ ጉድለት ቢገኝ ፈታኙ ደስ ይለዋል፤ የፈለገውን አግኝቷልና። ሁለተኛው አወቅን ብለው ለሌላ ሰው ለማሳየት የሚደረግ ነው፤ በዚህ ጊዜ ጉድለት ቢገኝ ኀፍረት ነው፥ በጀትም ያስቀንሳል፥ ሹመትም ያሳጣል። ቀኑ ቀድሞ የተቆረጠ ሥራ ፈተናውን ሁሉ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ይለውጠዋል። የበታቹ ሠራተኛ በእጁ ያለው ዕቃ እንዳልጸዳ እያየ፥ ቀኑ ነገ ነውና ይሁን ብሎ ያልፈዋል፤ አለቃውም አይጠይቀውም፤ ቢጠይቀው ቀኑ ይተላለፋልና። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ሐሰት አልተናገረም፤ ግን ከላይ እስከ ታች እውነቱን የያዘ ሰው አይገኝም። ይህ በአሜሪካ ብቻ የሚደርስ እንዳልሆነ፥ ሥራ ሲመረቅ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

ከ5ኛው መሳት በኋላ ገንዘብ ከፋዩ መንግሥት ተቈጣ። ኩባንያውም ደግሞ ቢስት እስከ 75 ሚሊዮን ዶላር ከራሱ ሊከፍል ተዋዋለ፤ በማርች 1999 በሳተ ጊዜም 15 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ቅጣት ተገቢ ነው፤ ተቋራጭ በመንግሥት ገንዘብ ብቻ ሊማር አይገባውም። ነገር ግን ቅጣቱ ያልደረሰበት አንድ ነገር ነበረ። በመጋዘን ተቀምጠው ተራቸውን የሚጠብቁት የሙከራ ሚሳይሎች ቁጥጥሩ በላላበት በቀድሞው ጊዜ የተሠሩ ናቸው። ዛሬ አዲስ ደንብ ቢወጣ፥ አዲስ ተቆጣጣሪም ቢሾም፥ ከዓመታት በፊት ታሽጎ የተቀመጠው ጉድለት ከውስጥ አይወጣም። የሒሳብ መርማሪዎቹ ይህንኑ አስታውቀው ነበር። ስለዚህ ለሥራው እውነተኛ ጥቅም የሰጠው ከቅጣቱ ይልቅ የ40ዎቹ ሚሳይሎች ግዥ መቅረቱ ይመስለናል፤ ያ ሲቀር የሚያስቸኩለው ቀጠሮ አብሮ ቀርቷልና።

በጁን 10 ቀን 1999 ታድ ለመጀመሪያ ጊዜ ዒላማውን መታ፤ በኦገስት 2 ቀንም ደገመው። ወደሚቀጥለው ደረጃ ለማለፍ 3 ጊዜ ሊመታ ይገባዋል ተብሎ ነበር፤ ሚኒስቴሩ ግን በ2ቱ ረክቶ አሳለፈው። የሚኒስቴሩ የጦር መሣሪያ ሙከራ ሹም የነበሩት ፊሊፕ ኮይል፥ እነዚህ ሙከራዎች የጦር ሜዳን ሁኔታ የሚመስሉ አይደሉም፥ የተፈተነውም ሚሳይል ኋላ ለሠራዊቱ የሚሠራው አይደለም ሲሉ አሳሰቡ። ምስክርነታቸው የተጠላ ቢሆንም የተደበቀ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ሹም በሥራው ላይ ማቆየት የማይፈራ መሥሪያ ቤት፥ ቢሳሳትም ተመልሶ የሚቃናበት መንገድ አለው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው፥ ከታሪኩ ሁሉ ጥቂት የሚነገርለትና ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ነው። በጁን 2000 ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ አዲስ ውል ተፈረመ። ሚሳይሉ ለመሥራትም ለመመርመርም የሚቀል ሆኖ እንደ ገና ተነደፈ፤ ዕቃዎቹም በመሬት ላይ ተፈተኑ። የሚገጣጠምበትም ፋብሪካ በአላባማ ግዛት ትሮይ በምትባለው ከተማ ሆነ። በ2003 በካሊፎርኒያ የገፊው ሞተር ነዳጅ በሚደባለቅበት ፋብሪካ ፍንዳታ ስለ ደረሰ ሥራው ዘገየ። ከኦገስት 1999 እስከ ኖቬምበር 2005፥ ማለት ከ6 ዓመት በላይ፥ አንድም ታድ ወደ ሰማይ አልወጣም። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ስንፍና ይመስላል፤ ለምክር ቤትም የሚታይ ነገር የለውም። በቀድሞዎቹ 4 ዓመታት 11 ጊዜ ተተኩሶ የታየው ጭስ ግን ከዚህ ዝምታ ያነሰ ሥራ ሠርቷል።

በኖቬምበር 22 ቀን 2005 አዲሱ ሚሳይል ዒላማ ሳይዝ ብቻውን በረረ። በጁላይ 12 ቀን 2006 በዚያው በነጭ አሸዋ መታ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2019 ድረስ ለመምታት በተደረጉት ሙከራዎች፥ በሚሳይል መከላከያ መሥሪያ ቤቱ ቈጠራ፥ 16 ጊዜ ተሞክሮ 16 ጊዜ መትቷል። ይህ ቈጠራ ዒላማ ሆነው የተነሡት ሚሳይሎች ራሳቸው ተበላሽተው ሙከራው የቀረበትን ጊዜ አይጨምርም፤ እንዲህ ያለው ነገር በ2006፥ በ2008ና በ2009 ደርሷል። ፈታኙም እንግዲህ መፈተን ያስፈልገው ነበር። የመጀመሪያው የታድ ጓድ በቴክሳስ በፎርት ብሊስ የቆመው በሜይ 2008 ነው፤ ሕጉ ከቆረጠው ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ዘግይቶ መሆኑ ነው። በጦርነት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመታውም በጃንዋሪ 2022 ከየመን ወደ አቡ ዳቢ የተተኮሰውን ሚሳይል ነው።

የቀድሞው ልማድ ግን በአንድ ጊዜ የሚነቀል አይደለም። ሚሳይሉ ሳይታዘዝ በድንገት እንዳይለኮስ የሚጠብቅ ትንሽ የደኅንነት መሣሪያ በውስጡ አለ። በ2010 ይህ መሣሪያ በምርመራ ጉድለት ተገኘበት፤ ሚሳይሎቹን ለሠራዊቱ የማምረት ሥራ የተጀመረው ግን የዚህ ዕቃ ንድፍና ፈተና ሳያልቅ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካው ሥራውን ለጊዜው ማቆም ግድ ሆነበት፤ የመጀመሪያዎቹም ሚሳይሎች ርክክብ ዕቃው እስኪታረም ድረስ ወደ 2011 ተላለፈ።