ሁለተኛው ጆይስቲክ

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰፈራችን ካለው ጌም ቤት ገባሁ። ጌም ቤት ስል ከመንገድ ዳር ያለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፕሌይስቴሽን፣ ስፖንጁ የወጣ አግዳሚ ወንበር። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ጫጫታው ቀጥ አለ። አንዱ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሌላው ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ። አልፈርድበትም፤ እዚያ ቤት ብቅ የሚል አባት ልጁን ጆሮውን ይዞ ሊያወጣ እንጂ ለሌላ ጉዳይ አይመጣም።

«ማንንም። ተራ ልይዝ ነው» አልኩት። የሰባት ዓመቱ ልጄ ከኋላዬ ሆኖ ይቁለጨለጫል፤ ይኩራ ወይስ ይፈር ገና አልወሰነም።

በእግር ኳሱ 6 ለ 0 ተሸነፍኩ። ያሸነፈኝ ልጅ ቁመቱ ደረቴ አይደርስም። ጎል ባገባ ቁጥር «ይቅርታ ጋሼ» ይላል፤ ይቅርታ ብሎም አይተውም።

እኔ 44 ዓመቴ ነው፤ የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው። ሴቷ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። እስከ ዛሬ ሁለት ዓመት ድረስ በቤታችን ቴሌቪዥን ላይ የነበረኝ ሥልጣን የዘበኛ ነበር፦ «በቃ»፣ «አጥፉት»፣ «ድምፁን ቀንሱ»። ታሪኩ የተለወጠው እህቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ ልጆቿ የጠገቡትን ኒንቴንዶ ስዊች የተባለ የጌም ማጫወቻ በሻንጣዋ ይዛ በመጣች ጊዜ ነው። አንድ ጌም ብቻ ነበረው፣ ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ። ሁለት ልጅ፣ ሁለት ጆይስቲክ፤ ስለዚህ እኔን የሚመለከት ነገር አልነበረም። አንድ ማታ ግን ትልቋ ፈተና ደርሶባት ስታጠና፣ ትንሹ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ምንም አላለም። ቆሞ ጠበቀኝ።

ጌሙ የመኪና ውድድር ነው። የመጀመሪያው ማሪዮ ካርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። መንገዱ ላይ የተደረደሩ ሳጥኖች አሉ፤ ሳጥን ስትነካ መሣሪያ ይደርስሃል። ቁም ነገሩ የሚደርስህ ነገር እንደ ደረጃህ መሆኑ ነው። አንደኛ ለሆነው ብዙውን ጊዜ አንዲት ሳንቲም ወይም የሙዝ ልጣጭ ነው የምትሰጠው። መጨረሻ ለሆነው ደግሞ ማንም እንዳይነካው የሚያደርግ ኮከብ፣ ወይም ተሸክሞ ከፊት የሚያደርሰው ተወንጫፊ ጥይት ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ማሪዮ ካርት ደግሞ መሪውን እያሳደደ የሚመታ ሰማያዊ የኤሊ ቅርፊት ተጨመረ። የሒሳብ ሰው ነኝና ወዲያው ገባኝ፦ ገቢ በጨመረ ቁጥር የሚጨምር ግብር ነው! በዚህ ላይ የመኪናውን መሪ የሚያቃና ማስተካከያ አለው፤ ትንሽ ልጅም ቢነዳ ከመንገድ አይወጣም። የሰባት ዓመት ልጅና ጎልማሳ አባቱ አንድ ሶፋ ላይ እኩል የሚፎካከሩት በአጋጣሚ አይደለም፤ ሠሪዎቹ አስበውበታል።

ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በገና ጨዋታ ሎሌው በዱላው ጌታውን ቢያገኘው ጌታው እንዳይቆጣ የሚያዝ ልማድ ያለን ሰዎች ነን። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው። መልሱን ያላወቀ አያት ለልጅ ልጁ አገር ይሰጣል፤ እኔ ራሴ በልጅነቴ ከአያቴ ላይ ጎንደርን ተቀብያለሁ። ጨዋታ ሲጀመር ዕድሜ ከደጅ ይቆያል።

እኔ ግን መጀመሪያ ላይ ዕድሜዬን ይዤ ነበር የገባሁት። በሦስተኛው ቀን ልጁ ደስ እንዲለው ብዬ መጨረሻው መስመር አካባቢ መኪናዬን ቀስ አደረግኩ። አለፈኝ፤ አሸነፈ። ከዚያ ጆይስቲኩን አስቀመጠና እንባው መጣ። «አውቀህ ነው የተሸነፍክልኝ» አለኝ። ለማስተባበል ሞከርኩ፣ አልሆነም። ልጆች የሐሰት ሽንፈትን እንደ ሐሰተኛ ብር በጣታቸው ያውቁታል። እሱ የፈለገው ማሸነፍ ሳይሆን የእውነት የሚፎካከረው ሰው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁርጥ አድርጌ እጫወታለሁ፣ እሸነፋለሁም። አንድ ምሽት አራት ሰዓት ላይ፣ በትምህርት ቀን፣ «አንድ ጊዜ ብቻ!» እያልኩ የምለምነው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ባለቤቴ መጥታ ሶኬቱን ነቀለችው። የተቆጣችው እኔን ነው፤ ልጆቹ ጎን ለጎን ቆመው አንገታቸውን በአዘኔታ ነቀነቁልኝ።

ፊልሙ ከጌሙ በኋላ መጣ። ቤታችን ውስጥ «ጅላጅል ፊልም» የሚባል ምድብ አለ፤ ስሙን ያወጣሁት ለማንቋሸሽ ነበር፣ አሁን የማዕረግ ስም ሆኗል። ዓርብ ከሥራ ስወጣ ፍላሽ ላይ አስጭኜ እመጣለሁ፣ ፈንድሻ ይፈነዳል፣ ሁላችንም ምንጣፍ ላይ እንቀመጣለን። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን «ሆም አሎን»ን ስንት ጊዜ እንዳየነው መቁጠር ትቻለሁ። ልጄ ያንኑ ፊልም ደግሞ ደጋግሞ ለምን እንደሚጠይቅ ይገርመኝ ነበር። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑን ትቼ እሱን ሳየው ገባኝ። ብላቴናው ኬቪን ሌቦቹ ሳይመጡ ወጥመዱን በሥዕል ያቅዳል፤ የቀለም ቆርቆሮው ከየት እንደሚወረወር ልጄ ያውቃል፣ ሌባው ግን አያውቅም። ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚውለው የማያውቅ ሰው ሆኖ ነው፤ «ገና ልጅ ነህ»፣ «ስታድግ ይገባሃል» ሲባል ይውላል። ፊልሙ እስኪያልቅ ግን ሁለት ትልልቅ ሰዎች የማያውቁትን እሱ ያውቃል። ሳቁ የሚጀምረው ቆርቆሮው ሌባውን ከመምታቱ በፊት ነው።

«ሚኒየንስ» ሌላ ነገር ገለጠልኝ። በሌሎቹ ፊልሞች እንግሊዝኛውን የምታስተረጉመው ትልቋ ናት፤ በትርጉም መሀል ቀልዱ ይሞታል። እነዚያ ቢጫ ፍጥረታት ግን የሚናገሩት ማንም የማያውቀውን ቋንቋ ነው። ድምፃቸውን የሚሰጠው ከዳይሬክተሮቹ አንዱ የሆነው ፒየር ኮፈን ነው። እናቱ ታዋቂ የኢንዶኔዥያ ደራሲ ነበረች፤ በሚኒየኖቹ አፍ የኢንዶኔዥያ፣ የስፔን፣ የጣሊያን ቃላት እየተቀላቀሉ ይወጣሉ። አራታችንም እኩል አይገባንም፤ እኩል እንስቃለን።

የተከበረ ሰው እንዲህ ሲጃጃል ያየሁት ግን ከእነዚህ ሁሉ በፊት ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር። እዚያ ቤት መሬት ላይ ተደርድረን ተረት ነጋሪውን አባባ ተስፋዬን እንጠብቃለን። ተስፋዬ ሳህሉ ኮሪያ ድረስ ዘምተው ለሠራዊቱ ትርኢት ያሳዩ፣ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው መድረክ ላይ የወጡ ሰው ነበሩ። በዚያ ዕድሜያቸው ድምፃቸውን እየለወጡ አንዴ ጅብ፣ አንዴ ጦጣ ሲሆኑልን ክብራቸው አንዲት ስንዝር አልጎደለም። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰው ያ መሬት ላይ የተቀመጠ ትውልድ ሁሉ ነው።

ሁሉም ነገር ለልጅ ነው እያልኩ አይደለም። ጌም ቤት ውስጥ ልጄ አፉን ከፍቶ የሚያየው መኪና እየቀሙ ሰው የሚገድሉበት ጌም ነበር። የአውሮፓ የጌም ሽፋኖች ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር ይታተማል፤ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን ነው የሚናገረው። ያ ጌም፣ «ግራንድ ቴፍት አውቶ 5»፣ የተሰጠው 18 ነው። እኛ አገር ችግሩ ጌሙ ብዙ ጊዜ ሽፋን የሌለው፣ ሃርድ ዲስክ ላይ ተጭኖ የሚመጣ መሆኑ ነው፤ ቁጥሩን የሚያይ የለም። ስለዚህ ስሙን ጠይቄ ኢንተርኔት ላይ እፈልገዋለሁ፣ ወይም ቀድሜ ግማሽ ሰዓት ራሴ እጫወተዋለሁ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን አንድ ሰዓት ይበቃል ይላል፤ ወላጅም አብሮ እንዲያይ ይመክራል። እንደኔ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሰዓት መቁጠርማ ዘበኛም ይችላል።

ባለፈው ታኅሣሥ እናቴ ለዓይን ሕክምና ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ሰነበተች። ልጆቹ ሚስተር ቢን ቱርክ የተባለውን ትልቅ ዶሮ ሲያሰናዳ ሰዓቱ ሆዱ ውስጥ ወድቆበት፣ ሊፈልገው ሲያጎነብስ ጭንቅላቱ የሚቀረቀርበትን ክፍል ከፈቱላት። እናቴ ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግማ አጥባ፣ አሥራ ሁለት ብልቱን ለይታ የምትሠራ ሴት ናት። አልሳቀችም፤ ደነገጠች። «ሳያጥበው? ኧረ በማርያም፣ ሳይገነጥለው?» ብላ ወደ እኔ ዞረች፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል። ልጆቹ በእሷ ድንጋጤ መሬት ላይ ተንከባለሉ። በማግስቱ ማታ ግን «እስቲ ያንን ጅል ክፈቱልኝ» ያለችው እሷ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ትንሹ ጭኗ ላይ ተኝቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቀድሞ ይነግራታል፤ እሷም እንደማታውቅ ሆና ትሰማዋለች። እሱ ይህንንም ነቅቶባታል፣ ግን እሷን አልተቆጣትም።

አሁን ደብረ ብርሃን ተመልሳለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትደውላለች። የዓይኗን ነገር ስጠይቃት በሁለት ቃል ትዘጋዋለች፤ የልጆቹን ትምህርት ትጠይቃለች፣ ቀጥላም ስልኩን ለትንሹ እንድሰጠው ታዘኛለች። ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ያ ጅል ጭንቅላቱን አወጣ?»