ኑግ በአሜሪካ የወፍ መመገቢያ ላይ

በሰሜን አሜሪካ የዱር ወፎችን ወደ ጓሮ ለመሳብ በዛፍ ቅርንጫፍ ወይም በምሰሶ ላይ የወፍ መመገቢያ መስቀል እጅግ የተለመደ መዝናኛ ሲሆን፣ ለዚሁ ተብለው ከሚሸጡት ዘሮች መካከል ትናንሽ ዘር በል ወፎችን በመሳብ የታወቀው፣ መነሻው የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሆነው ኑግ ነው። በገበያ «ናይጀር» በሚል ስም የሚሸጠው ይህ ዘር በአብዛኛው ከኢትዮጵያና ከህንድ የሚገባ ሲሆን፣ በአገሩ ዘይቱ ለጾም ወጥ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው ፋጉሎ ደግሞ ለከብት መኖ እንደሚውል የሚያውቅ ሰው በወፍ ቀለብ መደብር ተደርድሮ ሲያገኘው ቢገረም አይፈረድበትም።

ወፎቹ ኑግን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ኑግ ከሱፍ፣ ከአደይ አበባ እንዲሁም አሜከላ ከሚባሉት እሾሃማ አረሞች ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ በመሆኑ፣ እነዚህን አረሞች ሲለቅሙ የኖሩ ወፎች ከሩቅ አገር የመጣውን ዘር ለመልመድ አልተቸገሩም፤ ከክብደቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ ያህሉ ዘይት መሆኑም በብርድ ወራት የሰውነት ሙቀታቸውን ለመጠበቅ ይረዳቸዋል። ከእነዚህ ወፎች ዋነኛው አሜሪካዊው ጎልድፊንች ሲሆን፣ ወንዱ በሞቃቱ ወራት ደማቅ ቢጫ ላባና ጥቁር ክንፍ ይኖረዋል፤ የኒው ጀርሲ፣ የአይዋና የዋሺንግተን ግዛቶችም መለያ ወፍ አድርገው መርጠውታል። ብዙዎቹ ዘር በል ወፎች ጫጩቶቻቸውን በነፍሳት ሲያሳድጉ ጎልድፊንች ግን ለጫጩቶቹም የሚያቀርበው በአመዛኙ ዘር ነው። በዚህም የተነሣ ካውበርድ የተባለው፣ እንቁላሉን በሌሎች ወፎች ጎጆ የሚጥለው ወፍ ጫጩት በጎልድፊንች ጎጆ ቢፈለፈል ከጥቂት ቀናት በላይ መቆየት አይችልም።

ዘሩ ጥቃቅን በመሆኑ መመገቢያው ጠባብ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ወይም በወንፊት መልክ የተሠራ ከረጢት ነው። የአሜሪካ ሕግ ወደ አገሪቱ የሚገባው ኑግ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ እንዲሞቅ ያስገድዳል፤ የሚፈራው ኑጉ ራሱ ሳይሆን አብሮት ሊመጣ የሚችለው የአረም ዘር፣ በተለይም በሌላ ተክል ላይ እንደ ክር እየተጠመጠመ ምግቡን የሚመጠምጥ ጥገኛ አረም ነው። በወፍ ቀለብነት የታሸገው ኑግ ለሰው ምግብ ተብሎ የተዘጋጀ ስላልሆነ፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለማዕድ የሚሆነውን ከምግብ መደብር ቢገዙ ይመረጣል። ዘይታም ዘር ቶሎ ስለሚሻግትና እርጥበት ስለሚያበላሸው፣ ጥቂት ፍሬ በጥፍር ጨፍልቆ ዘይት መውጣቱን ማየት ትኩስነቱን ለመለየት ይበቃል፤ የደረቀውን ወፎቹም አይነኩትም።

መመገቢያ ብዙ ወፎችን በአንድ ቦታ ስለሚሰበስብ በሽታንም ያዛምታል፣ ይህም ብዙ ወፍ ወዳጆች ቸል የሚሉት ጉዳይ ነው። በ2021 መጀመሪያ በምዕራብ አሜሪካ ፓይን ሲስኪን የተባሉት ትናንሽ ወፎች በሳልሞኔላ ባክቴሪያ በብዛት በማለቃቸው የዋሺንግተን ግዛት የዱር እንስሳት ባለሥልጣናት ነዋሪዎች መመገቢያቸውን እንዲያወርዱ መክረዋል። በሌላ ጊዜም ዕቃውን በየሁለት ሳምንቱ በበረኪና ውኃ ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ከመስኮት አጠገብ የሚሰቀል ከሆነም ወፉ በፍጥነት በርሮ ከመስታወቱ እንዳይላተም ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ማድረግ ይመከራል። ይህን ሁሉ ለመከታተል ጊዜ የሌለው ሰው ሱፉንና ሌሎቹን አበቦች ከጠወለጉ በኋላ ሳይቆርጥ ቢተዋቸው ጎልድፊንቾቹ ራሳቸው ከአናታቸው እየለቀሙ ይመገባሉ።