«ትዕዛዝ የለም» የተባሉት እህቶች



ወንዛዬ ፍል ውኃ የሚወርድ ሰው ወሬው ስለ ወገብና ስለ ጉልበት ነው። እኛም ለዚሁ ወርደን ሳለ ከአንዲት እናትና ከሴት ልጃቸው ጋር ጥላ ሥር ተቀመጥን። እናት ስለ ሕመማቸው ጥቂት ካጫወቱን በኋላ ወደ ልጃቸው እያመለከቱ «የእኔስ ይሁን፣ አልሐምዱሊላህ። የሚያሳዝነኝ የእሷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትሰፋ ኖራ ባዶ እጇን መጣች» አሉን።

ልጅቱ ከደብረ ታቦር አካባቢ ተነሥታ ሩቅ አገር ባለ አንድ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥራ ነበር። የምትሰፋው ወደ አሜሪካ የሚላክ ሸሚዝ ነው። በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን አለቃቸው ሰብስቦ «ትዕዛዝ የለም፤ እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ሂዱ» አላቸው። ሄዱ። የጠራቸው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ በ1992 ዓ.ም. ባወጣችው አጎዋ በሚባለው ሕግ መሠረት ከአፍሪካ አገሮች የሚገባ ልብስ ቀረጥ አይከፈልበትም ነበር። የሐዋሳው ፓርክ በ2008፣ የኮምቦልቻው በ2009 ዓ.ም. ሲመረቁ ዋናው ተስፋ ይኸው ገበያ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት የሰብዓዊ መብት ጥሰት ተፈጽሟል በሚል ምክንያት ግን ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚህ ዕድል ታገደች። ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር ወር ነበር። ዋሽንግተን ላይ የተፈረመ ወረቀት የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችን የገጠር ልጅ ከወንበሯ አስነሣት።

ለዚህ አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን የሚያስታውሱት የይፋግ ገበያና በአቅራቢያው የነበረችው የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ደሪጣ በአንድ ወቅት ስማቸው የገነነ ነበር። በጎንደር ምድር ሸማ መሥራት የሙስሊሙና የቤተ እስራኤሉ እጅ ሥራ ነበር። በኋላ የአሜሪካው አቡጀዲ ገባ። በ1896 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል የአሜሪካ ዋና ሸቀጥ ይኸው ጨርቅ ነበር። ለሸማኔው «ተጎድተሃልና እንካ» ያለው መንግሥት አልነበረም።

አሜሪካ ራሷ ግን ለሠራተኞቿ አስባ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ምክንያት ሥራውን ያጣ ሠራተኛ አዲስ ሙያ እንዲማርና የገንዘብ ድጎማ እንዲያገኝ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። አውሮፓውያንም በ2006 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ፈንድ አቋቁመዋል። የሚገርመው፣ የአሜሪካው ፕሮግራም ዘመኑ ሳይታደስለት ቀርቶ ከሰኔ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አመልካች መቀበል አቆመ። የእኛዋ ልጅ ከተባረረች ወራት በኋላ መሆኑ ነው።

በአገራችን የሥራ አጥ መድን የለም። ክፍተቱን የሚሞሉት ቤተሰብ፣ እድርና ዘካ ናቸው፤ እነሱም ከብዷቸዋል። ቢሆንም ሕጉ ጨርሶ ባዶ እጅ አያሰናብትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ወጣቶቻችን ሥራ ከመግባታቸው በፊት ቢያነቡት እንወዳለን። ሥራ ለጊዜው ቆሟል ተብሎ ሠራተኛ የሚታገደው ቢበዛ ለ90 ቀን ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ ወይም ሠራተኛ ከተቀነሰ፣ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰና ለጡረታ ላልደረሰ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባዋል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ፣ በተጨማሪም የ60 ቀን ደመወዝ ይታሰባል። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይለወጣል።

ልጅቱ በቀን 50 ብር ታገኝ ነበር። እዚያው ጥላ ሥር አብረን አሰላነው፦ ለመጀመሪያው ዓመት 1,500፣ ለሁለቱ ዓመታት 1,000፣ ተጨማሪው 3,000፤ በድምሩ 5,500 ብር።

እናት ዝም አሉ። ልጅቱ «በዚያን ጊዜ የስፌት መኪና ይገዛልኝ ነበር» አለች። አሁን ደብረ ታቦር ውስጥ በሰው መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ከምታገኘው ለባለመኪናው ታካፍላለች።

«አሁንስ መጠየቅ አይቻልም?» አሉን እናት። አንገታችንን ደፋን። ከሥራ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ያ ጊዜ ያለፈው እሷ በየቀኑ ስልኳን እያየች «ይጠሩኝ ይሆናል» ስትል ነው። የዳኝነት ክፍያ እንኳ አይጠየቅባትም ነበር፤ የሥራ ክርክር ለሠራተኛው ከዚያ ነፃ ነውና። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። ፋብሪካው ሊነግራት ይገባ ነበር ብለን እናምናለን፤ ሠራተኛ ሲቀጠር መብቱ በሚገባው ቋንቋ ሊነበብለት ይገባልና።

ልጅቱ ጥቂት አሰበችና «የጎረቤታችን ልጅ ባለፈው ወር እንደኔው "እስክንጠራሽ ቤትሽ ሂጂ" ተብላ መጥታለች፤ እሷስ?» አለችን።

እሷ ጊዜ አላት አልናት። የቅጥር ደብዳቤዋን፣ የደመወዝ ወረቀቷንና መታወቂያዋን ይዛ ፋብሪካው ባለበት ከተማ ወደሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ትሂድ፤ እንድትሄድ የተነገራትንም ቀን ትጻፍ።

ስልኳን አወጣችና ከዛፉ ጥላ ትንሽ ራቅ ብላ ደወለች።